ዓሣ ከመደባለቃችሁ በፊት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች

ወርቃማ ዓሣና ቤታን (ተዋጊ የሚባለውን ዓሣ) በሞቴ አንድ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ውስጥ አታስገቡ። ውሃቸው አይገጥምም። ወርቃማው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ የደሴ ብርድ ብዙም አይከብደውም። ቤታ ግን ከ24 እስከ 28 ይፈልጋል፣ ደሴ ላይ ያለ ማሞቂያ አይሆንም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ትንሽ ይቀላችኋል፤ ቢሆንም ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ሌሊቱን እዩት።

ሌላው አፍ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ዓሣ ጎረቤት ሳይሆን ምግብ ነው። እኔ አንዲት ኤንጀልፊሽ የምትባል ዓሣ ገና ሳንቲም ስታክል ኒዮን ቴትራ ከሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ጋር አኖርኳት፤ ተስማምተው ከረሙ። አድጋ መዳፍ ልትሞላ ስትል ግን ጠዋት ጠዋት ስቆጥር አንድ አንድ ይጎድላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድመቷን ነበር፣ ምስኪን!

ኒዮን ቢያንስ 6 ሆኖ ካልተገዛ ይደነግጣል፣ ጥግ ይዞ ይውላል። ሁለት ወንድ ቤታ ፈጽሞ አይሞከርም። ጅራተ ረጅም ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣም ከቤታ ጋር አይመከርም፣ ቤታው ተቀናቃኝ ወንድ መስሎት ጅራቱን ይቦጫጭቀዋል።

ልጆች ከሐይቅ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት በጆግ ይዘው ከመጡ ደግሞ ለብቻው አድርጉት። ሲያድግ ጉልበተኛ ነው፣ ቦታዬን አላስነካም ይላል።