ስልክዎ ቻርጅ አልቀበል ሲል፦ ባትሪው ላይ ከመፍረድዎ በፊት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ስልክ ቻርጅ አልቀበል አላት። "ባትሪው ሞቷል" ያላት ሰው አዲስ ባትሪ አስገዛት፤ አዲሱም አልሞላም። ችግሩ የተገኘው ገመዱ በሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ነበር። ከጃኬት ኪሷ የገባው ብናኝ በጅማ ዝናብ ረጥቦ፣ ደርቆና ተጠቅጥቆ ገመዱን እስከ መጨረሻው አላስገባ ብሎ ነበር። ቀዳዳው በእንጨት ስቴኪኒ ሲጸዳ ስልኩ ወዲያው ሠራ፤ ለባትሪው የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ከታች የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ኪሳራ እንዳይደርስበት ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ስልኩ ይሂዱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ገመዱን፣ ቻርጀሩንና ሶኬቱን በአንድ ላይ ከለወጡ ስልኩ ቢሠራ እንኳ የተበላሸው የትኛው እንደነበር ሳያውቁ ይቀራሉ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይፈትሹ። በዚያው ሶኬት ላይ ራዲዮ ወይም የጠረጴዛ መብራት ሰክተው ይሞክሩ። ቻርጀሩ ማከፋፈያ ላይ ከነበረ ነቅለው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት። እግሩ ሶኬቱ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ብልጭ የሚል ነገር ካዩ በዚያ ሶኬት አይጠቀሙ። ዘመድ ከውጭ አገር የላከልዎት ቻርጀር ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ "ከ100 እስከ 240 ቮልት" የሚል መኖር አለበት። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ኃይሉ እንደተመለሰ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላልና።

ቀጥሎ ገመዱን ይለውጡ። በኔ ልምድ ቶሎ የሚበላሸው እሱ ነው፤ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ነው። ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ብቻ የሚሠራ ገመድ ዕድሜው አልቋል፤ በፕላስተር ቢጠቀለል ቁስሉ ይሸፈናል እንጂ አይድንም።

ሦስተኛው ቻርጀሩ ነው። እዚህ ላይ "አይሞላም" እና "ቀስ ብሎ ይሞላል" ይምታታሉ። ቻርጀሩ ላይ "5 ቮልት፣ 1 አምፔር" ወይም "2 አምፔር" የሚል ጽሑፍ አለ። አምፔሩ ባነሰ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። ስልክዎን ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቻርጅ ካደረጉ የሚያገኙት ግማሽ አምፔር ያህል ነው፤ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚያ ኃይል ለመሙላት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እየሞላ ቪዲዮ ከታየበት ደግሞ ጭራሽ ሊቀንስ ይችላል። ከ80 በመቶ በኋላ ፍጥነቱ መቀነሱ ግን ብልሽት አይደለም፤ ስልኩ ራሱ ባትሪውን ለመጠበቅ የሚያደርገው ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንመለስ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ በማያጣት ከተማችን ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ስልኩን ያጥፉ። በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ብናኝ ካለ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ጫፍ ግድግዳውን ተከትለው በቀስታ ያውጡት። መርፌ ወይም የጸጉር ሽቦ በፍጹም አያስገቡ፤ ብረት ከብረት ነክቶ ስልኩን ያቃጥላል፣ ቀጫጭኖቹንም መገናኛዎች ያጣምማል። በአፍ መንፋትም ትንፋሹ እርጥበት ስላለው ይጎዳል። ስልኩ እርጥበት አለ ብሎ ካስጠነቀቀዎት ገመዱን ነቅለው ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረው መዳፍዎ ላይ በቀስታ ይምቱት፤ ከዚያ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ይተዉት። አንዳንዴ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ሩዝ ውስጥ መቅበር የተለመደ ምክር ቢሆንም አይጠቅምም፤ የሩዙ ብናኝ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ለማድረቅ ብለው ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ነው። የሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ብዙ ስልኮችም ሲሞቁ መሙላቱን ራሳቸው ያቆማሉ።

ባትሪው ፈጽሞ አልቆ ለሳምንታት የተቀመጠ ስልክ ሲሰካ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ተስፋ አይቁረጡ። በጣም የወረደ ባትሪ መጀመሪያ የሚቀበለው ጥቂት ኃይል ብቻ ነውና ግማሽ ሰዓት ሳይነኩ ይተዉት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው። 30 በመቶ እያሳየ ድንገት የሚጠፋ ወይም ሞልቶ በሁለት ሰዓት የሚያልቅ ባትሪ አርጅቷል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ወዲያውኑ ከቻርጀር ይንቀሉት፣ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር ያርቁት። ይህ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ነገር ነው።

ፓወር ባንክ ላይ ያለ አንድ ቅሬታም ልጨምር። 10,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዝ ስልክ ሁለት ጊዜ አልሞላም ቢል ሁልጊዜ ተታለዋል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የተለካው በውስጡ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ጥቂቱ በሙቀት ሲባክን ለስልኩ የሚደርሰው ከ6,000 እስከ 6,500 ያህል ነው።

በቻርጅ የሚሠሩ አንዳንድ የእጅ መብራቶች ደግሞ በውስጣቸው ያለው እንደ መኪና ባትሪ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ ባትሪ ነው፤ ጠባዩም ከስልኩ ይለያል። የስልክ ባትሪ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ ያህል ሞልቶ ቢሆን ይመረጣል፤ የእርሳሱ ግን ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። ስለዚህ መብራት ባይጠፋም በየወሩ ሞልተው ያስቀምጡት።

ጥገና ቤት ሲሄዱ ገመዱንና ቻርጀሩንም ይዘው ይሂዱ፤ የሞከሩትንም በቅደም ተከተል ይንገሩ። ባለሙያው ባትሪው ይለወጥ ካለ በቴስተር እየለካ እንዲያሳይዎት በትሕትና ይጠይቁ፤ የሞላ የስልክ ባትሪ እንደ ዓይነቱ ከ4.2 እስከ 4.4 ቮልት አካባቢ ያሳያል።