የሰፈራችንን አረንጓዴ ቦታ የምናጣባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መናፈሻ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን እንጦጦ ነው። ወይም አንድነት ፓርክ፣ ወይም ወዳጅነት። ጥሩ ቦታዎች ናቸው፤ መሠራታቸውም ደስ ይላል። ለጤናችን በየቀኑ የሚደርስልን ግን ከቤት ወጥተን በእግራችን የምንሄድበት ትንሽ ሜዳ ነው። እሱን ደግሞ በገዛ እጃችን እያጣነው ነው።

ለሽርሽር ቀን ማቆየት

ዛፍ ስር መቀመጥን የበዓል ነገር አድርገነዋል። ትራንስፖርቱ፣ የመግቢያው ብር፣ የልጆቹ ምሳ ሲደማመር በዓመት አንዴ ከተሳካ እሰየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20 ሺህ ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት አለ። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ባለበት ቦታ የሚያሳልፉት፣ ጭራሽ ከማይወጡት ይልቅ «ጤናዬ ደህና ነው፣ መንፈሴም ደህና ነው» የማለት ዕድላቸው ሰፋ ያለ ነበር። ሰዓቱ በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ፣ ልዩነት አላመጣም። በቀን ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ለ20 ደቂቃ ማንም በየቀኑ እንጦጦ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ አረንጓዴ ቦታ ከቤት 300 ሜትር ያህል ርቀት ላይ እንዲገኝ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

የግቢውን ሜዳ ለመኪና መስጠት

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በብሎኮቹ መሀል ክፍት ቦታ ይተዋል። መጀመሪያ አንድ መኪና ጥግ ይዞ ይቆማል። ማንም ምንም አይልም። ቀጥሎ ሦስት ይሆናሉ። ክረምት ሲገባ ሳሩ በጎማ ይታረሳል፣ ግቢው ይጨቀያል። ያኔ ኮሚቴው ከየቤቱ ብር ሰብስቦ ድንጋይ ያነጥፋል። ሜዳው በዚያው አለቀለት። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው አስፋልት ዳር ይወጣሉ። ዝናቡም የሚሰርግበት አፈር አጥቶ ምድር ላይ ያሉት ቤቶች በር ላይ ይተኛል።

ድንጋዩ ከመነጠፉ በፊት ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ። መኪናው በአንድ ጠርዝ ይሰለፍ፤ መሀሉ በትልልቅ ድንጋዮች ይከለል። ያለው ዛፍ አይቆረጥ። ደረጃ መውረድ ያቃታቸው እማማ እንኳ ከአራተኛ ፎቅ ያዩታል፤ ማየትም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ነው።

ተክሎ መርሳት

ችግኝ የሚከዳን በክረምት አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ለእያንዳንዱ ችግኝ ውሃ የሚያጠጣ ቤተሰብ ይመደብለት፤ አትክልት የታጠበበት ውሃም ይሆናል። ሥሩን ግንዱን ሳይነካ በደረቅ ሳር ማልበስ እርጥበት ይይዛል። ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ባህር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማዋን ማገዶ ችሏል፤ ለመጫወቻ ሜዳ ግን አይመከርም። ከሥሩ ሳር እንኳ እንደልቡ አይበቅልም። የመብራት ገመድ ስር ደግሞ ረጅም ዛፍ አትትከሉ፤ መቆረጡ አይቀርም።

አጥሮ መቆለፍ

ሳሩን ለማዳን ተብሎ ይታጠራል፣ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ይገባል። ሰው የማይገባበት ቦታ ቆሻሻ መጣያ ለመሆን ጊዜ አይፈጅበትም። ሳር ቢረገጥም ክረምት ሲመጣ ያገግማል። ይልቅ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ጥላ ስር አስቀምጡ፤ ሽማግሌዎች መደገፊያ ከሌለው ላይ ብዙ አይቆዩም። መግቢያው ላይ ከደረጃ ይልቅ ተዳፋት ይሁን፤ ዊልቸርም የልጅ ጋሪም ያልፋል።

ሴቶችን ሳይጠይቁ መጨረስ

ኮሚቴው ብዙ ጊዜ ወንዶች የሚበዙበት ነው። ቀን ላይ ቦታውን ያዩታል፣ ያምራል ይላሉ። የሰፈሩን ሴቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይዛችሁ ዙሩ። የት ጋ እንደሚፈሩ፣ የትኛውን መንገድ እንደሚሸሹ ያሳዩዋችኋል። አምፖሉን እዚያ ስቀሉ። ቁጥቋጦውንም ከወገብ በታች አድርጋችሁ ከርክሙት፤ ከወዲያ ያለው ሰው ይታይ።