የጋሪ ፈረስና ዘይት፦ ችግርና መፍትሄ

የጋሪ ፈረስ ጉልበት እንዲያገኝ የምግብ ዘይት ከመኖው ጋር ይሰጠዋል። ጥርሱ የታየ፣ የትል መድኃኒት የወሰደ፣ ውሃ የማይጓደልበት ፈረስ ነው ብለን እንነሳ። ልኬቶቹ 200 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ፈረስ ናቸው።

ፋንድያው ቀጥኖ ቅባት ሲያብለጨልጭ

ባሕር ዳር ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይኼ ነው፤ ምክንያቱም ዘይት ባንዴ መስጠት ነው። ቅዳሜ ገበያ ጭነት ይበዛል ተብሎ ዓርብ ማታ ትልቅ ብርጭቆ የኑግ ዘይት ገብሱ ላይ ይገለበጣል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፋንድያው ክብነቱን አጥቶ፣ ወጥ እንደበሉበት ትሪ ወዝቶ ይወርዳል። ፈረሱ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል።

ፈረስ የሐሞት ከረጢት የለውም፤ ሐሞቱ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ቅባት በጥቂት በጥቂቱ ሲመጣለት ደህና አድርጎ ይፈጨዋል። ባንዴ የወረደበት ግን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና ድርቆሹን የሚያብላሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ያውካል።

ዘይቱንም ገብሱንም 3 ቀን አቁሙ፤ ድርቆሽና ውሃ ብቻ። ፋንድያው ክብ ክብ ሲል ጠዋት 10፣ ማታ 10 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክታችሁ፣ በረጠበ ፉርሽካ ለውሳችሁ ጀምሩ። በየ4 ቀኑ በያንዳንዱ መኖ ላይ 10 ጨምሩ። በቀን 100 ይበቃል፤ ከ200 ፈጽሞ እንዳያልፍ። ከተንከባለለ ወይም ፋንድያ ካቆመ ሐኪም ዛሬውኑ ይጠራ።

አልበላም ካለ በሃይላንድ አትጋቱት! ሳንባው የገባ ዘይት የሳንባ ምች ያመጣል፤ ፈረሱንም ይገድላል።

«ሳምንት ሰጠሁት፣ ጉልበት አልጨመረም»

ጡንቻው ቅባት ማቃጠል እስኪለምድ 3 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ያውም በየቀኑ እየሠራ። ለገበያ ቀን ብቻ የሚሰጥ ዘይት ትርፉ ተቅማጥ ነው። ቅባት የሚያግዘው ረጅሙን የሶምሶማ መንገድ ነው፤ ወደ ቤዛዊት ዳገት ጭነት ሲጎትት የሚነድደው በጡንቻው የተከማቸው ስኳር ነው። ስለዚህ ገብሱን ጨርሳችሁ አታስቀሩ። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት የሩብ ኪሎ ገብስ ያህል ኃይል ስላለው ያንኑ ያህል ብቻ ቀንሱ።

ሰኞ ጠዋት ታፋው እንደ እንጨት ሲደርቅ

እሁድ ቆሞ የቅዳሜን ያህል ገብስ በልቷል። ባለበት አቁሙት፤ «ሲሄድ ይፍታታል» ብሎ መንዳት ጡንቻውን ይጨርሰዋል። ሽንቱ ቡና ከመሰለ ኩላሊቱ አደጋ ላይ ነውና ሐኪም ይድረስለት። ለወደፊቱ በዕረፍት ቀን ገብሱ በግማሽ ይቀነስ፣ ዘይቱ ይቀጥል።

መኖውን አሽትቶ ፊቱን ሲያዞር

ዘይቱ ቆይቶ ተበላሽቷል፣ ወይም ከሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቶች የተለቀመ፣ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ነው። ድፉት። ለሰው የማይሆን ዘይት ለፈረስም አይሆንም፤ በሰውነቱ ያለውን ቫይታሚን ኢ ያባክንበታል።

በበጋ ጭድ ብቻ የሚበላ ፈረስ ቫይታሚን ኢ ያንሰዋል፤ ዘይት ሲጨመርበት ይብስበታል። ከጣና ዳር ለምለም ሣር እጨዱለት፤ ካልተገኘ ለ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ከ100 እስከ 150 ዩኒት (IU) ቫይታሚን ኢ ይሰጠው።

የኑግ ፋጉሎ ዘይት አይተካም፤ ዘይቱ አብዛኛው ተጨምቆ ወጥቷል፣ ሲሶ ገደማው ፕሮቲን ነው። በክረምት የሻገተውን በፀሐይ አድርቆ መስጠት መርዙን አያጠፋም።