ኬራቶኮነስን በጊዜ እንዳናይ የሚያደርጉ ስህተቶች

ኮርኒያ የእጅ ሰዓት መስታወት ሰዓቱን እንደሚሸፍነው ዓይንን ከፊት የምትሸፍን ጥርት ያለች ሽፋን ናት። መሀሏ ላይ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ኬራቶኮነስ ሲይዛት እየሳሳች ወደ ፊት ትሾጥጣለች። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «በመነጽር አጥርቼ አያለሁ፣ ምን ሆንኩና?» ማለት ነው። በሽታው ሲጀምር ሰው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር ሊያነብ ይችላል። መነጽርዎ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር፣ አስቲግማቲዝምዎ (ኮርኒያ እኩል ባለመጎበጧ የሚመጣው ብዥታ) የሚጨምር ከሆነ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በሽታው ካለ የኮርኒያ ምስል ይጠይቁ። ዓይኑን በጣቱ አንጓ አጥብቆ የሚያሽ ልጅ ካለዎትም እንዲሁ።

ዓይን ላይ የሚደረገውን ኮንታክት ሌንስ አውልቆ በቀጥታ ወደ ምስል ማንሻው ማሽን መሄድም ስህተት ነው። ሌንስ የኮርኒያን ቅርጽ ይጫናል። ለስላሳው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጠንካራው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ መውለቅ አለበት።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የኮርኒያን የፊት ገጽ ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ነው። ቶፖግራፊ የተባለው ምርመራ ኮርኒያ ላይ የሚያርፉትን የብርሃን ቀለበቶች ያነባል፤ የሚያየው የፊቱን ገጽ ነው። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ከኋላ ገጿና ከውፍረቷ ላይ ነው። የላይኛዋ ስስ ቆዳ፣ ኤፒተሊየም፣ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሃያኛ) ገደማ ናት። ሹል ቦታው ላይ ትሳሳለች፣ ዙሪያውን ትወፍራለች። ግንበኛ የጎበጠ ግድግዳ በልስን እንደሚያስተካክለው ማለት ነው። ላዩ ለስልሶ ይታያል፣ ጉብታው ከስር አለ። ስለዚህ ሁለቱንም ገጽና ውፍረቱን የሚለካ ቶሞግራፊ፣ ከተቻለም ኤፒተሊየምን የሚለካ ኦሲቲ (በብርሃን የንብርብር ምስል የሚያነሣ ማሽን) ያስፈልጋል።

የደረቀ ዓይንም ያሳስታል። አገጭ ተደግፎ፣ ግንባር ተጠግቶ፣ ታካሚው ሳያርገበግብ ትንሽ ሲቆይ እንባው ይሰነጠቃል። እስክሪኑ ላይ ክብ የነበረው ቀለበት እዚህም እዚያም ሲሸራረፍ ይታያል። ማሽኑ ይህን የቅርጽ ለውጥ አድርጎ በቀለም ካርታው ላይ ቀይ ሊቀባው ይችላል። አርገብግቦ ምስሉን ዳግም መነሣት ነው መፍትሔው።

ቀይ አይቶ መደንገጥም አያስፈልግም፣ አረንጓዴ አይቶ መዘናጋትም እንዲሁ። በቀለሞቹ መካከል ያለው የቁጥር ልዩነት ሲጠብብ ጤነኛ ኮርኒያም ይቀላል። ሐኪሙ ቁጥሩን ይመልከት፤ ቀኝና ግራውንም ያስተያይ።

የመጨረሻው በአንድ ምስል መርካት ነው። ወጣት ከሆኑና ጥርጣሬ ካለ በየጥቂት ወሩ መደገም አለበት። ለውጥ ሲታይ ክሮስ ሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ፦ የሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታና አልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያን ያጠነክራሉ። በሰው ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ውጤት ከጀርመን ድሬስደን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዋና ሥራው በሽታውን ማስቆም እንጂ የሾጠጠውን እንደ ድሮው ማድረግ አይደለም፤ መዘግየት የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ለውጥ የሚለካው ደግሞ በአንድ ዓይነት ማሽን ነው፤ የሁለት ማሽኖች ቁጥር አይወዳደርም። የመጀመሪያውን ምስል ኮፒ ያስቀምጡ፣ የማሽኑን ስምና ቀኑን ጀርባው ላይ ይጻፉበት።