«እግዜር ይቆጣል» ብቻ ለሚያውቁ ልጆች፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርት በእግዚአብሔር ባሕርይ ላይ እንዴት ይዘጋጃል?

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሕፃናትን ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ነው። አንድ እሑድ «ልጆች፣ እግዚአብሔር ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ እጁን ያወጣው የ7 ዓመት ልጅ «ይቆጣል» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ድንጋይ ያደርጋል» አለች። ሦስተኛው «ሰማይ ላይ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ሌላ መልስ አልመጣም።

ልጆቹን አልወቅስም። ከሌማት እንጀራ ሲያነሱ፣ ሲዋሹ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ሲመቱ ቤት ውስጥ የሚሰሙት ይኸው ነው፤ «እግዜር ይቆጣሃል!» ያሳዘነኝ የራሳችን ደብተር ነው። የዓመቱን ትምህርት ገልጬ አየሁት። ዳዊት ጎልያድን ጣለ፣ ዳንኤል ጸለየ፣ ዮሴፍ ታገሠ ይላል። ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰዎች ታሪክ ነው። እግዚአብሔር ራሱ ማን እንደሆነ የሚነግር አንድ ገጽ አጣሁበት።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን እንደ አዲስ ስናዘጋጅ የደረስንበትን መንገድ ነው የምጽፍላችሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ፣ ወይም ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቱን ቅደም ተከተል አስቡት። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያ የሚያነበው መልእክተ ዮሐንስን ነው። «እግዚአብሔር ብርሃን ነው»፣ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የሚለው እዚያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ዳዊት ይመጣል። አባቶቻችን ለልጅ የመጀመሪያ ንባብ ያደረጉት ስለ እግዚአብሔር ማንነት የሚናገረውን መልእክት ነው። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት በጎጃም ይህን ከሌላ ቦታ መቅዳት አያስፈልገንም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለውጡ

ገና አርእስት ሳትመርጡ ይህን ወስኑ። በየትኛውም ታሪክ መጨረሻ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ይሁን፤ «በዚህ ታሪክ ውስጥ እግዚአብሔር ምን ዓይነት ሆኖ አየነው?»

ዳዊትና ጎልያድን ስታስተምሩ «እንደ ዳዊት ጎበዝ ሁኑ» ብላችሁ አትጨርሱ። ዳዊት ራሱ ምን አለ? በጎቹን ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ እጅ ያዳነኝ እግዚአብሔር ነው አለ። ስለዚህ ትምህርቱ ስለሚያድን አምላክ ነው። የልጁ ጉብዝና ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ብቻውን የድሮ ደብተራችሁን ግማሽ ያድስላችኋል። ታሪኮቹን መጣል አያስፈልግም።

12 ባሕርያት ምረጡ

ለምን 12? ዓመቱ 52 እሑዶች አሉት። ታላላቅ በዓላት፣ የፈተና ሰሞን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አለ፤ የገጠር ልጅ ያን ጊዜ አውድማ ላይ ነው። እኛ ስንቆጥረው በእርግጠኝነት የምናስተምርባቸው እሑዶች ከ36 ብዙም አልበለጡም። 12 ባሕርይ ለእያንዳንዱ 3 እሑድ ሲሆን 36 ይሞላል። የእናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ እንደ ቁጥራችሁ አድርጉት።

ስትመርጡ ቤተ ክርስቲያን የምትለየውን ልዩነት ያዙ፤ በባሕርይና በጸጋ። አንዳንዱ የእርሱ ብቻ ነው። ዘለዓለማዊ፣ ፈጣሪ፣ ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን ዐዋቂ፣ በሁሉ ምሉዕ ነው። እዚህ ላይ ልጁ የሚማረው መስገድን ነው። ሌላው ለእርሱ የባሕርዩ ሆኖ እኛ በጸጋ የምንካፈለው ነው። ቅዱስ፣ አፍቃሪ፣ መሐሪ፣ ታጋሽ፣ ጻድቅ ፈራጅ፣ ታማኝ፣ ጠባቂ ነው። እዚህ ላይ ልጁ መስገድንም መምሰልንም ይማራል። ይህን ካልለያችሁ «እንደ እግዚአብሔር ሁኑ» የሚለው ቃል ልጁን ግራ ያጋባዋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ባሕርያቱን ለሦስቱ አካላት አታከፋፍሉ። አብ ቁጡ፣ ወልድ ሩኅሩኅ አድርጎ የሚስል መምህር አጋጥሞኛል። ልጅ ደግሞ ይህን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም። ምሕረቱም ፍርዱም የአብ፣ የወልድ፣ የመንፈስ ቅዱስ ነው። በቃ።

ከበዓላቱ ጋር አስኪዱት

እዚህ ላይ ሥራው ይቀልላችኋል። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ የሥላሴ ምሥጢር የተገለጠበት። ከዚያ ጾመ ነነዌ ይመጣል፣ 3 ቀን። ምሕረትን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሰሞን የለም። ትንቢተ ዮናስን ምዕራፍ 4 ድረስ ውሰዱት። ብዙዎቻችን ዓሣው ሆድ ውስጥ እናቆመዋለን። ዮናስ የተቆጣው እኮ እግዚአብሔር ስለማረ ነው! «መሐሪ እንደሆንህ ስለማውቅ ነው የሸሸሁት» ይላል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር በነነዌ ስላሉት ከ120,000 በላይ ሰዎች ሲናገር እንስሳቱንም ይጠቅሳል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ዐቢይ ጾም ደግሞ እሑዶቹ በስማቸው ያስተምራሉ። ዘወረደ፦ ከሰማይ የወረደ፣ ስለ ትሕትናው። ቅድስት፦ ስለ ቅድስናው። ምኩራብ፦ ቤቱን የንግድ ቤት ላደረጉት ስላሳየው ቁጣ፤ «ይቆጣል» ያለው ልጅ እግዚአብሔር በምን እንደሚቆጣ የሚማረው ያን ቀን ነው። መፃጉዕ፦ 38 ዓመት ለተኛ ሰው ስለ ራራለት ጌታ። ደብረ ዘይት፦ ስለ ፈራጅነቱ። ገብር ኄር፦ የታመነውን አገልጋይ ስለሚሾም ታማኝ ጌታ። ኒቆዲሞስ፦ በዮሐንስ 3 ስለተነገረው ፍቅር። ሆሳዕና፦ በአህያ ስለመጣ ንጉሥ። በእነዚህ 8 እሑዶች ባሕርያቱ ከሦስት ሳምንት ሥርዓታቸው ወጥተው ይከለሳሉ።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማ ልጆች በብዛት ይመጣሉ። ዝናቡንና ቡቃያውን እያሳያችሁ ስለ ፈጣሪነቱና ስለ መጋቢነቱ የምታስተምሩት ያኔ ነው።

አንዱን ትምህርት እንዴት ትሠሩታላችሁ?

የቅኔ አገር ልጆች ነን፤ ሰምና ወርቅ አይቸግረንም። ለእያንዳንዱ ባሕርይ ልጁ በዓይኑ ያየውን፣ በእጁ የነካውን አንድ ነገር ፈልጉ። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁ የእግዚአብሔር ባሕርይ ነው።

የጠባቂነቱን ትምህርት የሠራነው በገሳ ነው። እረኛ በክረምት የሚደርበውን ገሳ ከገጠር ተውሰን አመጣን። አንዱን ልጅ አለበስነውና ውኃ አርከፈከፍንበት። ሳቁ፣ ተሻሙ፣ ሁሉም ልሞክር አሉ። ከዚያ አንዷ ልጅ «ውጪው ረጥቧል፣ እኔ ግን ደረቅ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ በቅዳሴ ዘወትር የሚሰሙትን የምስጋና ጸሎት አስታወስናቸው፤ «እስመ ከደነነ»። ሸፍኖናልና ማለት ነው። ቃሉን ለዓመታት ሰምተውታል። ትርጉሙ የገባቸው ግን ያን ዕለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ላይ ይኸው ጸሎት «ነአኩቶ» ተብሎ ሲጀመር ያች ልጅ ዞር ብላ አየችኝ።

የቅዳሴና የኪዳን ቃላት በደንብ ያልተጠቀምንበት ሀብት ናቸው። «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» የሚለውን ልጁ በቃሉ ያውቀዋል። ቅዱስ፣ ኃያል፣ የማይሞት ሕያው። ለሦስት ባሕርያት ጥቅስ ማስጠናት አያስፈልጋችሁም ማለት ነው፤ ያጠኑትን ፍቱላቸው።

ፍትሑን በቁና አስተምሩ። ሁለት ቁና አምጡ። የአንዱን ሥር ልጆቹ ሳያዩ በጨርቅ ሙሉት። በሁለቱም እህል ስፈሩና ጎን ለጎን አፍስሱት። አንዱ ክምር ሲያንስ ልጆቹ ራሳቸው ይጮኻሉ፤ «አጭበርብረሃል!» መጽሐፈ ምሳሌ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ ነው የሚለውን ያኔ አንብቡላቸው። እሑድ ይህን የተማረ ልጅ ገበያ ሲወርድ ዓይኑ ሰፋሪው ላይ ነው።

ሦስቱን እሑዶች እንዲህ ተጠቀሙባቸው። በመጀመሪያው ባሕርዩን በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ያያሉ። በሁለተኛው በጸሎትና በዝማሬ ይሉታል። በሦስተኛው ይሠሩታል፤ ለምሳሌ የመሐሪነቱ ሦስተኛ እሑድ ከተጣሉት ልጅ ጋር የሚታረቁበት ነው። ለትንንሾቹ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከ13 ዓመት በላይ ያሉት ክርክር ይፈልጋሉ፣ ጊዜ ስጧቸው።

ጥቅስ ስትጽፉ የመዝሙረ ዳዊትን ቁጥር አስተውሉ። በግእዙ ዳዊት 22ኛ የሆነው «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛ ነው። ሁለቱንም ጻፉ። አለበለዚያ ልጁ ቤቱ ሄዶ ያጣዋል።

ምሕረትና ፍርድን አትነጣጥሉ

ከሁሉም የከበደን ይህ ነው። «ይቆጣል» የሚለውን ለማረም ስንል የማይቆጣ፣ ሁሉን ዝም ብሎ የሚያልፍ አምላክ ልናስተምር ምንም አልቀረንም ነበር።

በዘጸአት 34፥6-7 እግዚአብሔር ስለ ራሱ የተናገረውን መነሻ አድርጉ። መሐሪ፣ ታጋሽ፣ ቸርነቱ የበዛ ነኝ ይላል። እዚያው ላይ በደለኛውን ንጹሕ ነህ አልልም ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። መዝሙረ ዳዊትም፣ ኢዩኤልም፣ ዮናስም ይህን ቃል መልሰው መላልሰው ይጠሩታል። ለዓመቱ ሙሉ አንድ ክፍል ብቻ አስጠኑ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ለትልልቆቹ የአገራችንን ሽምግልና ምሳሌ አድርጉላቸው። ሽማግሌ ደም ሲያደርቅ «ምንም አልተደረገም» አይልም። በደሉ በስሙ ይጠራል። በዳዩ ያምናል፣ ይክሳል። ከዚያ በኋላ ነው ይቅርታው። ምሕረት ማለት በደልን መካድ እንዳልሆነ የጎጃም ልጅ ከዚህ ይገባዋል። ከዚያ ወደ መስቀሉ ውሰዷቸው። እዚያ ካሳውን የከፈለው የተበደለው ራሱ ነው። ይህን ስናስተምር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ እኛ ምን ቀረብን?» አለ። ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርንም።

ከባድ ጥያቄም ይመጣል። በዚህ ዘመን ልጆቻችን ብዙ አይተዋል። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የቆየባቸው አሉ፣ ሰው የሞተባቸው አሉ። «እግዚአብሔር ሁሉን የሚችል ከሆነ ለምን ዝም አለ?» ይሏችኋል። አትቆጧቸው። ለዚህ የሚሆን እሑድ አስቀድማችሁ በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። በግእዙ ዳዊት 12ኛ የሆነውን፣ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር አብራችሁ ጸልዩት። ዳዊት ይህን ጠይቆ አልተባረረም። ልጁም እንዲህ ብሎ መጸለይ እንደሚችል ይወቅ። መልሱን የማታውቁትን ደግሞ አላውቅም በሉ።

ለየኔታ ሳታሳዩ አትጀምሩ

ረቂቁ እንዳለቀ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለመጻሕፍት መምህሩ ስጡ። እኛ «የእግዚአብሔር ጠባይ» ብለን የጻፍነውን የኔታ በቀይ እስክሪብቶ «ባሕርይ» ብለው አረሙት። ተቀምጠውም ለምን እንደሆነ አስረዱን። ያች ግማሽ ሰዓት የጸጋንና የባሕርይን ልዩነት ያገኘንባት ናት። ከሰንበት ትምህርት ቤቶች ማደራጃ የመጣ ሥርዓተ ትምህርት እጃችሁ ላይ ካለም አትተዉት። ርእሶቹን እንዳሉ ያዙና «እግዚአብሔር ምን ዓይነት ሆኖ አየነው?» የሚለውን ጥያቄ በየርእሱ አስገቡበት።

ደብሩ የከፈተው መደበኛ ትምህርት ቤት ካለ ግን ይህን ከክፍል ትምህርቱ ጋር አትቀላቅሉት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። የዚህ ትምህርት ቦታው ሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው።

አለንጋውን አስቀምጡ

ትዕግሥቱን እያስተማረ በአለንጋ የሚያስፈራራ መምህር አጠገብ ልጁ የሚማረው ከአለንጋው ነው። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ መጀመሪያ መምህራኑ ለብቻቸው ተሰብስበው ያን ባሕርይ ለራሳቸው ያንብቡ፣ ይጸልዩበት። እኛ ቅዳሜ ማታ እናደርገዋለን። አንዳንዴ ከእሑዱ ክፍል ይልቅ የቅዳሜው ይበልጥብኛል።

ፈተና አንሰጥም። በሦስተኛው እሑድ ልጁ በራሱ ቃል አጭር ጸሎት ይጸልያል። «መሐሪ የሆንህ አምላክ ሆይ» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ የሚለምነው ነገር ትምህርቱ ገብቶት እንደሆነ ያሳያችኋል። ወላጆችንም ጠይቁ። አንዲት እናት ልጇ እንቁላል ሰብሮ ሮጦ መጥቶ እንደነገራት ነገረችኝ። ድሮ ይደብቅ ነበር አለች።

የዓመቱን ዕቅድ ጨርሳችሁ ለመጀመር አትጠብቁ። አንድ ባሕርይ፣ አንድ የትንንሾች ክፍል፣ 3 እሑድ ሞክሩ። ዕቃው አንድ ትልቅ ወረቀት፣ አንድ ማርከር፣ የተውሶ ገሳ ነው። ያልሠራውን ጣሉ፣ የሠራውን ጻፉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ።