በሰው ሠራሽ እግር የመራመድን ድካም ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ እግር የተገጠመለት ሰው ኮሪደሩን ሳይወድቅ ሲጨርስ ሁላችንም ደስ ይለናል። ምን ያህል እንደሚደክመው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሲራመዱበት የሚያደክም እግር ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀራልና ጥያቄው ሊዘለል አይገባም። ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ባይኖርም በሰዓትና በሜትር መለካት ይቻላል።

የልብ ምትን ብቻ ማየት። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሲከብደው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጅን ከሌላው ሰው ብዙም ላይለይ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር የሚያወጣው ጉልበት ግን ይበልጣል። በመሆኑም ሲራመድ ካለው የልብ ምት ላይ የዕረፍቱን ይቀንሱና በደቂቃ ለተጓዘው ሜትር ያካፍሉት። የዕረፍት ምቱ 76፣ ሲራመድ 116፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 50 ሜትር ቢሆን፣ 40 ለ50 ሲካፈል በሜትር 0.8 ምት ይሆናል። በሌላ ቀን ምቱ ወደ 106 ቢወርድ፣ ፍጥነቱም ወደ 30 ሜትር ቢቀንስስ? ምቱን ብቻ ያየ ሰው «ተሻለው» ይላል። ስሌቱ ግን 1.0 ነው፤ መራመዱ ከብዶታል ማለት ነው። ጤናማ አዋቂ ሰው በራሱ ፍጥነት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 አካባቢ ነው።

ሳያሳርፉ የዕረፍት ምት መቁጠር። ከታክሲ ወርዶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ የመጣን ሰው ወዲያው ከቆጠሩት የዕረፍቱ ምት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ይጠብና ድካሙ ያነሰ ይመስላል። ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀመጥ።

ገና ሲነሳ መለካት። ልብ ከእርምጃው ጋር እስኪስማማ 3 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መራመዱን ሲያቆም ደግሞ ምቱ በፍጥነት ይወርዳል። ደረት ላይ የሚታሰር መለኪያ ካለ እሱ ይሻላል። በጣት ለ15 ሴኮንድ ቆጥረው በ4 ካባዙት የሳቱት አንድ ምት 4 ይሆናል።

«በርታ፣ ፍጠን!» ማለት። ለማበረታታት ቢሆንም ልኬቱን ያበላሻል። በሚመቸው ፍጥነት ይሂድ፤ ጫማው፣ ምርኩዙና መንገዱም በየጊዜው አንድ ዓይነት ይሁኑ። አጭር ኮሪደር መዞር ያበዛል፤ መዞር ደግሞ በሰው ሠራሽ እግር ቀላል አይደለም።

መድኃኒቱን አለመጠየቅ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ልቡ እንደ ልፋቱ አይፈጥንም። ለእሱ ከ6 እስከ 20 ያለው የቦርግ መለኪያ ይሻላል፤ ድካሙን ራሱ በቁጥር ይናገራል።

ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ከጉልበት በታች ከተቆረጠው፣ በደም ሥር ሕመም እግሩን ያጣ በአደጋ ካጣው ይልቅ በአብዛኛው የበለጠ ይደክማል። ሰውየውን ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር ያወዳድሩት።

ሕመምን ከድካም መቀላቀል። ሕመም ብቻውን የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ሶኬቱን፣ ማለትም የተቆረጠው እግር የሚገባበትን የሰው ሠራሽ እግሩን ክፍል፣ አውልቀው ቆዳውን ከልኬቱ በፊትም በኋላም ይዩት፤ ቁስል ካለ ወይም መቅላቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ፣ የዕለቱን ቁጥር ይተዉትና መጀመሪያ ሶኬቱ ይስተካከል።