እባብ ሲነድፍ ምን እናድርግ? ማርከሻውስ እንዴት ይሠራል?

ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ውጭ ይተኛል። ሐረር ዙሪያ ደግሞ ገበሬው ማሽላ ይከምራል፣ ጫት ለመቁረጥ ሳይነጋ ይወጣል። እባብም እዚያው ነው። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት፣ መርዙ ካደረሰው ጉዳት ላይ እኛው በጭንቀት ብዙ እንደምንጨምር ነው።

መጀመሪያ ከእባቡ ራቁ። ልግደለው ብላችሁ አትከተሉት፤ ሁለተኛ ሰው የሚነደፈው እንዲህ ነው። የሞተ የመሰለውንም አትንኩት። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓትና ጫማ ቶሎ አውልቁ፤ እብጠቱ ከመጣ በኋላ አይወልቁም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ይከብዳል፦ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩ። ሁላችንም መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው ወደ ገመድ ነው። በተለይ እፉኝት ከሆነ ግን መርዙ የነደፈበትን ሥጋ ይገድላል። ስታስሩት መርዙን አንድ ቦታ ታጉራላችሁ፤ ደምም ይቋረጣል። ከሐረር ወጣ ካለ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ አልረሳም። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በማዳበሪያ ክር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ በጣት ካልተፈለገ አይታይም። ከክሩ በታች እግሩ ጠቁሮ ቀዝቅዟል። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተቆረጠ።

ታዲያ ምን እናድርግ? የተሰበረ አጥንት እንደምትደግፉት አድርጉ። በጎንና በጎኑ እንጨት ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጉና በነጠላ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ጣት ሊገባ ይገባል። ዋናው ነገር እንዳይንቀሳቀስ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ መርዙ ቶሎ ይሰራጫል። በእግሩ አይሂድ፣ ተሸከሙት። ቀድሞ ጠብቆ ታስሮ ካገኛችሁት ደግሞ መንገድ ላይ በድንገት አትፍቱት፤ የታጎረው መርዝ ባንዴ ይለቀቃል። ሐኪም ፊት ይፈታ።

መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በረዶ፣ አረቄ፣ ሁሉም ይቅር። እንደ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም አትስጡ፤ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። እባቡ መርዙን ዓይን ላይ ከተፋ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ።

ባጃጅም ቢሆን ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ማርከሻው መኖሩን እየሄዳችሁ በስልክ አስጠይቁ። እብጠቱ የደረሰበትን ጫፍ በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉ፤ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

ሆስፒታል ስትደርሱ ነርሷ ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ትቀዳለች። ሳትነካው 20 ደቂቃ ታስቀምጠውና ታዘነብለዋለች። ደሙ እንደ ውሃ ከፈሰሰ፣ መርዙ የመርጋት አቅሙን ወስዶታል ማለት ነው። ቤተሰብ «ዝም ብለው አስቀመጡን» ብሎ የሚቆጣው በዚህ ሰዓት ነው። እባካችሁ ታገሡ፣ ሥራ እየተሠራ ነው።

ማርከሻው የሚሠራበት መንገድ መነሻው 1890ዎቹ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም አልበርት ካልሜት ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። የእባቡን ጥርስ ዕቃ አፍ ላይ አስነክሰው መርዙን ያልቡታል፤ ከዚያ ያደርቁታል። በጣም ጥቂት ጥቂቱን፣ መጠኑን እየጨመሩ፣ ለፈረስ ወይም ለበግ ይወጋሉ። እንስሳው ሳይታመም ሰውነቱ መከላከያ ያመርታል። ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከዚያ ደም ይቀዳል፣ መከላከያው ተለይቶና ተጣርቶ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ማርከሻው የሚሠራው በዋናነት መርዛቸው ለተወጋው እባቦች ነው። ለሕንድ እባቦች የተዘጋጀው የኛን አገር እባብ መርዝ ላያረክስ ይችላል። ብልቃጡ ላይ የእባቦቹ ስም ስላለ ይነበብ። ከየትም ገዝቶ ቤት ውስጥ መወጋት ግን ፈጽሞ አይሆንም። የፈረስ ወይም የበግ ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት በኃይል ሊቆጣ ይችላል፤ ይህን ቁጣ የሚያበርደው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ አጠገቡ ተዘጋጅቶ ነው የሚሰጠው።

ወላጆች ለሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ሲሰጥ ይደነግጣሉ። እባቡ ለልጅ ብሎ መርዝ አይቀንስም፤ የማርከሻው መጠንም እኩል ነው።

ምልክት ባይታይም ቢያንስ 24 ሰዓት ሆስፒታል ቆዩ። ቤት ከገባችሁ በኋላ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ማሳከክ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ከማርከሻው ሊሆን ስለሚችል ተመልሳችሁ ታዩ፤ ሕክምና አለው።